ማጆንግ፦ መቼ መተው እንዳለብን ማወቅ

«ማጆንግ» ሲባል ለብዙ አንባቢያን ትዝ የሚላቸው የኮምፒውተሩ ወይም የስልኩ ጨዋታ እንደሚሆን እገምታለሁ። ተቆልለው ከተደረደሩ ባለ ሥዕል ጠጠሮች መካከል ተመሳሳይ ጥንዶችን እየፈለጉ ማንሳት፣ ክምሩ ሲያልቅ ማሸነፍ። ለብቻ ለሚቀመጥ ሰው ጥሩ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ነገር ግን ያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ለኮምፒውተር የተሠራ ሲሆን ከማጆንግ የተዋሰው ጠጠሮቹን ብቻ ነው። እውነተኛው ማጆንግ አራት ሰው ይፈልጋል። አራቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የራሱን እየደበቀ የሌሎቹን ሐሳብ ለማወቅ የሚጥርበት ጨዋታ ነው።

የዚህ ዓምድ ተከታታዮች አጨዋወቱን እንዳብራራ ከጠየቁኝ ቆይተዋል። ሕጉን ለመማር አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ዓመታት ለተጫወቱትም አይቀልም፤ ከእጄ የትኛውን ልጣል? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። አስቀድሜ ግን ጨዋታውን ለማያውቁ ባጭሩ ላስተዋውቅ።

ጠጠሮቹና ሕጉ

ሙሉው የቻይና ማጆንግ 144 ጠጠሮች አሉት። ከእነዚህ 108ቱ ቁጥሮች ሲሆኑ በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ፤ ክብ፣ ቀርከሃ እና እልፍ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከ1 እስከ 9 ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቁጥርም አራት አራት ጠጠር አለው። ቀጥሎ 16 የንፋስ ጠጠሮች (ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን) እና 12 የዘንዶ ጠጠሮች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ) ይመጣሉ። እነዚህም አራት አራት ናቸው። የቀሩት 8ቱ የአበባና የወቅት ጠጠሮች ተጨማሪ ነጥብ ማስገኛ ስለሆኑ ለጀማሪ ቢቀሩም ጨዋታው አይጎድልም።

«እልፍ» ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በጠጠሩ ላይ ያለው የቻይንኛ ፊደል «ዋን» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙ አሥር ሺህ፣ ማለትም የእኛው እልፍ ነው። ሦስቱም ቤተሰቦች የመጡት ከጥንታዊ የቻይና የካርታ ጨዋታ ሲሆን መነሻቸው የገንዘብ ምልክት ነው። ክቡ ሳንቲም፣ ቀርከሃ የምንለው በገመድ የተሰካ የሳንቲም ዘለላ፣ እልፉ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ገንዘብ ነበር። ጨዋታው የዛሬ መልኩን የያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በታችኛው የያንግትዜ ወንዝ አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። የኒንግቦ ከተማ ለጨዋታው አመጣጥ የተሰናዳ ሙዚየም አላት። ኮንፊሽየስ ፈለሰፈው የሚለው ወሬ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ገበያ ሲገባ ማሻሻጫ የነበረ ተረት ነው። የጨዋታው ጥንታዊ ስም ድንቢጥ ማለት ነው፤ ጠጠሮቹ ሲበወዙ የሚያሰሙት ድምፅ የድንቢጦችን ጫጫታ ስለሚመስል ነው ይባላል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ጠጠሮቹ ተበውዘው፣ ፊታቸው ተደፍቶ በግንብ መልክ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 13 ጠጠር ይይዛል። ተራው ሲደርስ ከግንቡ አንድ ያነሳና አንድ ይጥላል፤ ተራውም ወደ ቀኙ ጎረቤት ያልፋል። ቀድሞ 14 ጠጠሮችን በአራት ቡድንና በአንድ ጥንድ ያሟላ ያሸንፋል። ቡድን ማለት የአንድ ቤተሰብ ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ ክብ 4፣ 5 እና 6፣ አለዚያም ሦስት ተመሳሳይ ጠጠሮች ማለት ነው። ካርታ የሚጫወት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሌላው የጣለውን መውሰድም ይቻላል። ሦስት ተመሳሳይ ለማሟላት ከሆነ ከማንኛውም ተጫዋች «ፐንግ» ተብሎ ይወሰዳል። ተከታታይ ለማሟላት ከሆነ ግን ከግራ ጎረቤት ብቻ ነው፤ «ቺ» ይባላል። ቺ በቻይንኛ መብላት ነው። የእኛ ዳማ ተጫዋች «በላሁ» እንደሚለው መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ የተሟላው ቡድን ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል።

አምስት ክፍል

ጠጠሮች ሁሉ እኩል ዋጋ የላቸውም። 5 ቁጥር ከ3፣ ከ4፣ ከ6 እና ከ7 ጋር፣ እንዲሁም ከሌላ 5 ጋር መጣመር ይችላል። 1 ቁጥር ግን ዘመዶቹ 2፣ 3 እና ሌላ 1 ብቻ ናቸው። ንፋስና ዘንዶማ ከመሰላቸው በቀር ከማንም አይጣመሩም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጣሉት ብቻቸውን የቆሙ ንፋሶችና ዘንዶዎች፣ ቀጥሎ ብቻቸውን የቆሙ 1 እና 9፣ ከዚያም 2 እና 8 ናቸው። መሐለኞቹ ይቆያሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ተራዎ ደርሶ የሚከተሉትን 14 ጠጠሮች ይዘዋል እንበል፦ እልፍ 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 8፤ ክብ 4፣ 5፣ 7፣ 9፤ ቀርከሃ 1፣ 5፣ 5፤ አንድ የምዕራብ ንፋስ እና አንድ ቀይ ዘንዶ።

ለማሸነፍ አራት ቡድንና አንድ ጥንድ፣ በድምሩ አምስት ክፍል ያስፈልጋል። ልምድ ያለው ተጫዋች እጁን የሚያየው በእነዚህ አምስት ክፍሎች ነው። እዚህ እጅ ላይ አምስቱም ተጀምረዋል፦ እልፍ 2-3፣ እልፍ 6-7-8 (ይሄኛው የተሟላ ነው)፣ ክብ 4-5፣ ክብ 7-9 እና የቀርከሃ 5 ጥንድ። ትርፎቹ የምዕራብ ንፋስ፣ ቀይ ዘንዶና ቀርከሃ 1 ናቸው። እነዚህ ያለ ብዙ ማሰላሰል በየተራ ይጣላሉ። ጀማሪ የሚቸገረው «ቀይ ዘንዶ ሌላ ሊመጣ ይችላል» ብሎ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ለማቆየት ሲል ነው። ለስድስት ክፍል ቦታ የለም፤ አንዱ የግድ ይሠዋል።

አሁን የምንጠብቀውን እንቁጠር። እልፍ 1 ወይም 4፣ ክብ 3 ወይም 6፣ ክብ 8። እያንዳንዳቸው አራት አራት ስለሆኑ 20 ጠጠሮች ይጠቅሙናል። ከአምስቱ ክፍሎች ደካማው የትኛው ነው? እልፍ 2-3 በሁለት በኩል ይጠብቃል፤ 1ም 4ም ቢመጣ ይሟላል፤ 8 ጠጠር ማለት ነው። ክብ 7-9 ግን የሚጠብቀው መሐሉን 8ን ብቻ ነው፤ 4 ጠጠር። 1-2 ወይም 8-9 ቢሆንም እንደዚያው 4 ነው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር ለማጆንግ ተጫዋች የተነገረ ይመስላል። እናም ወደፊት ቀርከሃ 7 እና 8 ቢመጡልዎ፣ የሚፈርሰው ክብ 7-9 ነው። ሲያፈርሱም መጀመሪያ 9ን ይጣሉ፤ 7 ብዙ ዘመድ ስላለው 6 መጥቶ ሊያድነው ይችላል።

ጠረጴዛውን መቁጠር

ከላይ ያለው ስሌት ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ነው። ጨዋታው ሲገፋ ግን ጠጠሮች እየወደቁ ይሄዳሉ፤ የወደቀ ደግሞ አይመለስም። ሌላ እጅ ልስጥዎት፦ እልፍ 3-4-5፣ ክብ 6-7-8፣ ቀርከሃ 2-3-4፣ የክብ 2 ጥንድ፣ በተጨማሪም ቀርከሃ 7፣ 8 እና 8። አንዱን ከጣሉ በኋላ ለማሸነፍ የሚቀርዎት አንድ ጠጠር ብቻ ነው።

ቀርከሃ 8ን ቢጥሉ 7-8 ይቀርና 6 ወይም 9ን ይጠብቃሉ፤ 8 ጠጠር። ቀርከሃ 7ን ቢጥሉ ደግሞ ሁለት ጥንድ ይዘው ክብ 2 ወይም ቀርከሃ 8ን ይጠብቃሉ፤ ከየዓይነቱ ሁለቱ በእጅዎ ስላሉ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። 8 ከ4 ይበልጣልና 8ን መጣል ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን ቀና ብለው ሲያዩ ሦስት ቀርከሃ 9 እና ሁለት ቀርከሃ 6 ጠረጴዛው ላይ ወድቀዋል እንበል። ያ ስምንት ወደ 3 ወርዷል። ክብ 2 እና ቀርከሃ 8 ካልታዩ ግን አራቱም አሉ። አሁን የሚጣለው 7 ነው። እጅዎ አልተለወጠም፤ መልሱ ግን ተለወጠ። ጀማሪውን ከለመደው የሚለየውም ይህ ነው፤ ጀማሪ እጁን ሲያይ ይውላል፣ የለመደው ጠረጴዛውን ያያል።

ለመብላት አለመቸኮል

ጀማሪ ሌላው የጣለው ጠጠር በጠቀመው ቁጥር ይወስዳል። ደስ ይላል፤ ቡድን ተሟላ። ዋጋው ግን ኋላ ነው የሚታየው። የተዘረጋ ቡድን አይቀየርም፤ ምን እየሰበሰቡ እንደሆነም ለሦስቱ ይነግራል። በብዙ ሕጎች ነጥብ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅን ያመነምናል። አንድ ሲዘረጉ የተደበቀው 13 ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 7፣ ወደ 4፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይወርዳል። 1 ጠጠር የያዘ ሰው አደጋ ሲመጣ የሚመርጠው የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ታዲያ መቼ ይወሰዳል? ጠጠሩ እጅዎን ለማሸነፍ አንድ ብቻ እንዲቀረው ካደረገ፣ ራሱ ነጥብ የሚያስገኝ የዘንዶ ወይም የራስዎ ንፋስ ጥንድ ካሟላ፣ አለዚያም ካመለጠ ሌላ የማይገኝ ከሆነ።

ነጥቡንም ከመጀመሪያው ማሰብ ይገባል። የቻይና የስፖርት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ይፋዊ የውድድር ሕግ 81 የነጥብ ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ ከ8 ነጥብ በታች የሆነ እጅ ቢሟላም አያሸንፍም። ስለዚህ 13ቱን እንደያዙ አቅጣጫ ይምረጡ። ከአንድ ቤተሰብ ስምንት ያህል ካለዎት ያንን ቤተሰብ ብቻ ከንፋስና ዘንዶ ጋር ይሰብስቡ። አራት ጥንድ ካለዎት ወደ ሦስት ተመሳሳይ ያዘንብሉ። ሁለቱም ከሌለ በተከታታይ ቁጥሮች ይሂዱ።

መተው

እስካሁን ያልኩት ስለ ማሸነፍ ነው። ዋናው ነጥቤ ግን ይህ ነው። አራት እኩል ተጫዋቾች ተቀምጠው በአንድ ዙር አንድ ብቻ ካሸነፈ፣ ለእርስዎ የሚደርሰው በአማካይ ከአራት ዙር አንድ ቢሆን ነው፤ ማንም ሳያሸንፍ የሚያልቅም ስላለ ከዚያም ያንሳል። በቀሩት ሦስት ዙሮች ሌላው ሲያሸንፍ ያያሉ። የምሽቱን ውጤት የሚወስነው በእነዚያ ሦስት ዙሮች የሚያደርጉት ነው።

ምክንያቱም አሸናፊው የሚያስፈልገውን ጠጠር ማን ጣለ የሚለው ይቆጠራል። በጃፓን ሕግ የጣለው ብቻውን ይከፍላል፤ ሁለቱ ምንም አይነኩም። በቻይና ይፋዊ ሕግ ሦስቱም ይከፍላሉ፤ የጣለው ግን የእጁን ሙሉ ነጥብ ስለሚጨምር ከባዱ እዳ የእሱ ነው። በዚህ ጨዋታ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ አንድ ዝንጉ ተጫዋች ሌላውን ሲያበለጽግ ይውላል።

ጊዜውም አጭር ነው። ያለ አበባ 136 ጠጠሮች ናቸው፤ 53ቱ መጀመሪያ ላይ ይታደላሉ፤ 83 ይቀራል። ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ የሚያነሳው ወደ 20 ጊዜ ነው። በጃፓን ሕግ 14 ጠጠር ሳይነካ ስለሚቀመጥ ከዚህም ያንሳል። አሥረኛው ተራ ላይ ደርሰው እጅዎ ገና የተበታተነ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስልዎትም።

የአደጋ ምልክቶች አሉ። አንዱ ተጫዋች ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ወይም ሦስት ቡድን ከዘረጋ፤ አንዱን ቤተሰብ ፈጽሞ ሳይጥል ከቆየ፤ መጀመሪያ ንፋስና ዳር ቁጥሮችን ሲጥል የነበረው አሁን 4፣ 5፣ 6 መጣል ከጀመረ፤ ወይም ያነሳውን ሁሉ እጁ ውስጥ ሳያስገባ ወዲያው ከጣለ። የመጨረሻው በተለይ እጁ እንዳለቀ ይናገራል።

እነዚህን ሲያዩ ራስዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ለማሸነፍ ስንት ጠጠር ይቀረኛል? ባሸንፍ የማገኘው ስንት ነው? ግንቡስ ምን ያህል ቀርቶታል? ግማሹ አልቆ፣ እጅዎ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎድሎት፣ ነጥቡም ጥቂት ከሆነ መተው ነው። ለትንሽ ነጥብ ብሎ አደገኛ ጠጠር መወርወር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

መተው ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ የራሱ አጨዋወት አለው። ቀዳሚው ምርጫ ከእርስዎ በፊት የተጣለውንና ማንም ያልፈለገውን ዓይነት ተከትሎ መጣል ነው፤ ከአፍታ በፊት ያላሸነፈበት ሰው አሁን የሚያሸንፍበት ዕድል ጠባብ ነው። በጃፓን ሕግማ ተጫዋች ራሱ በጣለው ዓይነት ከሌላ ሰው ላይ ማሸነፍ ስለማይችል ለእሱ ፍጹም አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስቱ የታዩበት ንፋስ ወይም ዘንዶ ነው፤ አራተኛው በእርስዎ እጅ ስላለ ማንም ጥንድ እንኳ ሊሠራበት አይችልም፤ አደገኛ የሚሆነው ለማይዘወተሩ ልዩ እጆች ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ከመሐለኞች ይልቅ 1 እና 9። ምንም ያልታየ የመሐል ቁጥር፣ በተለይ ከሚፈራው ሰው ቤተሰብ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው ይያዛል።

ከባዱ ነገር ይህን ለማድረግ የራስን ቡድን ማፍረስ ማስፈለጉ ነው። በ10 ተራ የገነቡትን፣ ተሟልቶ የተቀመጠውን ሦስት ተመሳሳይ አንድ በአንድ መጣል ያማል። ግን አንዱ በሰላም ካለፈ ሁለቱም የማለፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ሦስት ተራ ተረፉ ማለት ነው። የእርስዎ ዙር አልነበረም። ቀጣዩ አለ።

ቤት ውስጥ ለመጀመር

ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሲቹዋን ግዛት በቁጥሮቹ 108 ጠጠሮች ብቻ ይጫወታሉ፤ ከሦስቱ ቤተሰቦች አንዱን ሙሉ በሙሉ ሳያስወግዱ ማሸነፍ አይቻልም፤ አንዱ ካሸነፈ በኋላም ሦስት ሰው እስኪያሸንፍ ጨዋታው ይቀጥላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው ማኅበር የራሱን ሕግ ያወጣል። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት መስማማት ያስፈልጋል፤ ማን ይከፍላል? ዝቅተኛ ነጥብ አለ ወይ? አበባ ይገባል ወይ? ለቤተሰብ ጅማሬ ያለ አበባ፣ ያለ ዝቅተኛ ነጥብ፣ በ136 ጠጠር እንዲሆን እመክራለሁ። ልጆች ከ1 እስከ 9 መቁጠር ከቻሉ ይገባሉ፤ «ስንት ቀረ?» የሚለው ስሌት ሳያውቁት ሒሳብ ያስተምራቸዋል።

ለመክፈያ ባቄላ ወይም አዝራር ይበቃል። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ማጆንግ በቻይና የአዲስ ዓመት የቤተሰብ ጨዋታ ነው፤ በሆንግ ኮንግ የሠርግ እራት እስኪቀርብ እንግዶች የሚጫወቱት ነው፤ ትዳርና ቤት የፈረሰበት ቁማርም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1949 በኋላ መንግሥት ለዓመታት የተጫነውም ከቁማር ጋር በመያያዙ ነበር። ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ የሚጠፋው የመጀመሪያው ነገር ከላይ የዘረዘርኩት የመተው ችሎታ ነው። የተበላ ሰው የተበላውን ለማስመለስ ሲል ክፉውን እጅ አይለቅም። ክፉ እጅ መልቀቅ ያቃተው ደግሞ ከጠረጴዛው መነሳትም ያቅተዋል። ቻይናውያን የሰው ጠባይ በማጆንግ ጠረጴዛ ይታያል የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ምክር ጨምሬ ላብቃ። ስትጫወቱ በወረቀት መዝግቡ፤ ግን ማን አሸነፈ የሚለውን ብቻ አይደለም። አጠገቡ አሸናፊውን ጠጠር ማን እንደጣለ ጻፉ። ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ሁለቱን ዓምድ አስተያዩ። ብዙ ያሸነፈው ሰው ሁልጊዜ ቀዳሚ ላይሆን ይችላል፤ ጥቂት የጣለው ግን ከኋለኞቹ መካከል እምብዛም አይገኝም።

ቸር እንሰንብት።